ፒራኛ በመስተዋት ቤት፣ እንቦጭ በባሮ

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ለወንዝ ዳር ሰው ይመስላል፤ ዛሬ ግን ወንዙን በሳሎኑ ጥግ በመስተዋት ከልሎ ማኖር ለሚሻ የከተማ ሰውም ይሠራል። የዓሣ አፍቃሪዎች በየአገሩ ከሚመኟቸው እንግዶች አንዱ ፒራኛ ነው፦ የአማዞን ተወላጅ፣ ከአካሉ ይልቅ ስሙ የገዘፈ፣ በጥርሱ የተፈራ ዓሣ። «ፒራኛን በቤት ለማኖር ምን ያስፈልጋል?» የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት የገንዳ ስፋትና የውሃ ሙቀት ጥያቄ ይመስላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ለተነሣ ሰው ግን የታሪክ ጥያቄ ሆኖ ያገኘዋል። ምክንያቱም ከዚያው ከአማዞን ምድር ለቤትና ለአትክልት ሥፍራ ጌጥ ተብላ የወጣች ሌላ እንግዳ አለች፤ እርሷ ደግሞ ጥርስ የላትም፣ ሐምራዊ አበባ እንጂ። ዛሬ በጣና ላይ የምናውቃት፣ በባሮም የተመዘገበችው እንቦጭ ናት።

ይህን ወግ ለማውጋት ከጋምቤላ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ከአዲስ አበባ የተነሣ አውሮፕላን 2,300 ሜትር ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ የኢሉባቦርን ደን አሻግሮ፣ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ወዳለው ሜዳ ይወርዳል። በጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ በሩ ሲከፈት የሚቀበለው ሙቀት ለመንገደኛው አንድ ነገር ይነግረዋል፦ ከደጋ ኢትዮጵያ ወጥቶ ወደ ነጭ ዓባይ ሜዳ መግባቱን። ለሰው ሙቀት ብቻ የሆነው ይህ ለውጥ ለአንድ የአማዞን ዓሣ ግን የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም እዚህ ላይ ነው።

*

ታሪኩ የሚጀምረው በሠርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ልጅ ሊዮፖልዲና ለፖርቱጋሉ አልጋ ወራሽ ለዶን ፔድሮ ተድራ ወደ ብራዚል ስትሻገር፣ በዚያው ጉዞ የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ቡድን ተላከ። ከመካከላቸው ሁለቱን እንያዝ። አንደኛው የቪየናው ዮሐን ናተረር ነው፤ ሁለተኛው የባቫሪያው ካርል ፍሪድሪሽ ፊሊፕ ፎን ማርቲየስ። ማርቲየስ በ1820 ወደ አውሮጳ ተመለሰ። ናተረር ግን አሥራ ስምንት ዓመት ያህል በብራዚል ጫካና ወንዝ ሲንከራተት ቆይቶ በ1830ዎቹ አጋማሽ በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች፣ እንስሳትና ዓሦች ለቪየና ሙዚየም አስረከበ። በ1843 ሞተ፤ ማስታወሻዎቹም በ1848ቱ አብዮት በቪየና በተነሣው ቃጠሎ ጠፉ።

ሰውየው ያሰባሰበውን ሳይጽፍ ቢሞትም ስሙ ግን አልሞተም። በ1858 ሩዶልፍ ክነር የተባለ የቪየና ሊቅ ሆዱ ቀይ የሆነውን ፒራኛ ለሳይንስ ሲመዘግበው በናተረር ስም ሰየመው። ዛሬ በዓለም የመስተዋት ገንዳዎች ውስጥ በብዛት የሚታየው ፒራኛ ይኸው ፒጎሴንትረስ ናተረሪ ነው። ማርቲየስ በበኩሉ ገና በ1820ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው የብራዚል ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ፣ እግሩ ያበጠ፣ በውሃ ላይ ተንሳፍፎ አበባ የሚያወጣ አንድ ተክል መዝግቦ ነበር። ያ ተክል እንቦጭ ነው። እንግዲህ በዓለም የተፈራው ዓሣና ማንም ያልፈራው አበባ ወደ ሳይንስ መዝገብ የገቡት በአንድ የሠርግ አጀብ ሰዎች እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ፒራኛ የሚለው ስም ከብራዚል ነባር ሕዝቦች ከቱፒዎች ቋንቋ የተወረሰ ሲሆን ዓሣንና ጥርስን ያጣመረ ቃል ነው። ጥርሱ በእርግጥ የምር ነው፤ ሦስት ማዕዘን፣ ስለታም፣ የላዩና የታችኛው እንደ መቀስ የሚገጣጠም። ዝናውን ግን ያገነነው የአንድ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ብዕር ነው። ቴዎዶር ሩዝቬልት ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በ1913 እና በ1914 ከብራዚላዊው ኮሎኔል ካንዲዶ ሮንዶን ጋር በአማዞን ምድር ተጉዞ ነበር። በ1914 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ፒራኛን ከዓለም ዓሦች ሁሉ ጨካኙ አድርጎ ሣለው። እንደሚተረከው ከሆነ አስተናጋጆቹ ዓሦቹን በወንዝ ዳር ከልለው፣ አስርበው፣ ከብት ጥለውላቸው ነበር፤ ለእንግዳ የተሰናዳ ትርኢት። ከዚያ በኋላ የሆሊውድ ተራ መጣ፤ በ1978 ጆ ዳንቴ ፊልም ሠራበት፤ ዓሣው ጭራቅ ሆኖ ቀረ።

የዘመናችን ተመራማሪዎች የደረሱበት ግን ሌላ ነው። በዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት አን ማጉራንና ኤልደር ኬይሮዝ በአማዞን ባደረጉት ጥናት ፒራኛዎች በመንጋ የሚሄዱት ለማደን ሳይሆን እንዳይታደኑ መሆኑን አሳይተዋል። ዶልፊኑ፣ አዞ መሰሉ ካይማን፣ ትልልቅ ዓሦችና ወፎች ይበሏቸዋል፤ ስለዚህ ተጠጋግተው ይጓዛሉ፤ ታላላቆቹ ወደ መሀል ይገባሉ። ዓሣ፣ የሞተ እንስሳ፣ ነፍሳት፣ አልፎ አልፎም ፍሬ ይበላሉ። ጨካኝ የተባለው ዓሣ በጥላ የሚደነግጥ ፈሪ ነው። ፈሪ መሆኑን ማወቅ ደግሞ ለእርሱ ቤት መሥራት ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

*

ውሃን በመስተዋት ከልሎ ሕይወት የማኖር ጥበብ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ነው። ናትናኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም በ1829 ገደማ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ተክል ሳይደርቅ መብቀሉን ተመለከተ፤ ከዚያ የተነሣው «የዋርድ ሣጥን» ዕፅዋትን በመርከብ ከአህጉር ወደ አህጉር ማጓጓዣ ሆነ። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ ኬሚስት ዓሣ፣ ቀንድ አውጣና የውሃ ተክል በአንድ ገንዳ ተጠባብቀው መኖር እንደሚችሉ አስረዳ። በ1853 በለንደን ሬጀንትስ ፓርክ የመጀመሪያው የሕዝብ የዓሣ ቤት ተከፈተ፤ በማግሥቱ ዓመት ፊሊፕ ጎስ «አኳሪየም» የሚለውን ስም በመጽሐፉ አማካይነት በየቤቱ አስገባው። ልብ በሉ፦ የመስተዋቱ ቤት ገና ከልደቱ ሁለት ሥራ ነበረው፤ ማሳየትና ማጓጓዝ። ዛሬ ዓሦች ኦክስጅን በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ታሽገው በአውሮፕላን ውቅያኖስ ሲያቋርጡ የምናየው የዚያው ታሪክ ተከታይ ነው።

ታዲያ ለፒራኛ የሚሠራው ቤት ምን ዓይነት ነው? ሲያድግ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ብቻውን ሲሆን ይሸበራልና ከአራት እስከ ስድስት ሆኖ እንዲኖር ይመከራል። ይህን ያህል መንጋ ቢያንስ 500 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። አምስት መቶ ሊትር ማለት ግማሽ ቶን ነው፤ መስተዋቱና ጠጠሩ ሲጨመር ወለሉ ይችለው እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ውሃው ለስላሳና ጥቂት አሲድነት ያለው፣ ሙቀቱም ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። መብራቱ ደብዘዝ ያለ፣ የሚሸሸጉበት ግንድና ጥላ የበዛበት፣ ክዳኑ የጠበቀ ይሁን።

ዋናው ምሥጢር ግን በዓይን አይታይም። የዓሣ ኩስና የምግብ ትራፊ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያ ይገድላል። በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ የሚሠፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወዳነሰ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ተራብተው እስኪበቁ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ብልህ ሰው መጀመሪያ የሚያሳድገው ዓሣውን ሳይሆን ውሃውን ነው። ከዚያም በየሳምንቱ ከውሃው አንድ አራተኛ ያህሉን መቀየር፣ የቧንቧውን ክሎሪን ማስወገድ፣ ዓሣና ሽሪምፕ መመገብ፣ የበሬ ሥጋ አለማዘውተር፣ ገንዳው ሲጸዳም እጅን መጠበቅ። ይህ ሁሉ ለአንድ ሰሞን አይደለም፤ ፒራኛ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። «ዓሣ መብላት በብልሃት» የተባለው ለአጥንቱ ነው፤ ማኖሩስ ስንት ብልሃት ይጠይቅ ይሆን!

በአዲስ አበባ ይህ ቤት የሚቆመው በማሞቂያ ብቻ ነው። የደጋው ሌሊት ያለ ኤሌክትሪክ ለአማዞን ዓሣ አይመችም። ከአዲስ አበባ ወንዝ ቢጣልም ዕጣው ያው ነው። በጋምቤላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በበጋው መጨረሻ አየሩ ወደ 40 ዲግሪ በሚጠጋባት ከተማ ማሞቂያ አያስፈልግም፤ የሚያሳስበው ማቀዝቀዙ ነው። ከገንዳው ውጭ፣ ከከተማዋ መሀል፣ ባሮ ዓመቱን ሙሉ ለብ ብሎ ይፈስሳል። የለንደን ክረምት አምላጩን ፒራኛ ይገድለዋል፤ በባሮ ግን እንዲያ ያለ ክረምት የለም።

*

ባሮ ዝም ብሎ አንድ ወንዝ አይደለም፤ በር ነው። አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል፤ እነርሱና ኑዌሮች ከከብቱና ከእርሻው ጋር በዓሣው ሲኖሩበት ዘመናት አልፈዋል። ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባት ማላካል አጠገብ ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። በኢትዮጵያ ለመርከብ ጉዞ ያገለገለ ወንዝ ቢጠራ ቀድሞ የሚነሣው እርሱ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ጆን ሌን ሃሪንግተን የሱዳንን ወሰን ውል አዲስ አበባ ላይ ሲፈራረሙ፣ አራተኛው አንቀጽ በኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ በኪራይ ፈቀደ። የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፣ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል ተጻፈ። ከዚህ ውል የተወለደችው የንግድ ከተማ ጋምቤላ ናት። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየወጡ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ያራግፉ፣ የጎሬን፣ የመቱንና የደምቢዶሎን ቡና ይጭኑ ነበር። ውሃው ሲጎድል ከተማዋ እስከሚመጣው ክረምት ትጠብቃለች። ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ኪራዩ አበቃ፤ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የመርከቡም ዘመን ቀስ በቀስ አለፈ፤ ዛሬ የጋምቤላ የሩቅ እንግዳ የሚገባው በመንገድና በአውሮፕላን ማረፊያዋ በኩል ነው።

ያው ውል በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሌላ ነገር ይዟል። በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚገታ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ይደነግጋል። በዚያን ዘመን ውሃ ይገታል ተብሎ የተፈራው ግድብ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ሥሩን በውሃ ላይ አንጠልጥሎ የሚንሳፈፍ አበባን ያሰበ አልነበረም። ከአንድ ዕድሜ በኋላ ግን ከሦስቱ ውሆች ሁለቱን፣ ጣናንና ሶባትን፣ ያለ ማንም ፊርማ የያዛቸው እርሱ ሆነ።

*

እንቦጭ ከአማዞን የወጣው በወዳጅ እጅ ነው። አበባው ውብ ነው፤ ለኩሬ ጌጥ ይሆናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ ግብፅ አትክልት ሥፍራዎች ገባ፤ በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ፍሎሪዳና ሉዊዚያና ወንዞችን ዘጋ። ችግሩ ከመጽናቱ የተነሣ በ1910 ሮበርት ብሩሳርድ የተባለ የሉዊዚያና የምክር ቤት አባል አበባውን እንዲበሉላቸው ከአፍሪካ ጉማሬ ይምጣልን የሚል ረቂቅ ሕግ አቀረበ። አንዱን እንግዳ በሌላ እንግዳ ማስወጣት መሆኑ ነው! ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ፤ የባሮ ጉማሬዎች ዘመዶችም ከመሰደድ ዳኑ።

በሱዳን ነጭ ዓባይ ላይ መታየቱ የተዘገበው በ1958 ነው። በአገራችን በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ በ1965 እ.ኤ.አ. በይፋ ተመዘገበ፤ በጋምቤላ በኩልም በባሮ፣ በጊሎ፣ በፒቦርና በሶባት ላይ መኖሩ ታወቀ። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ገደማ በጣና ታየ። ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱን ያጥፋል፤ ወለዱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ዋናውን የሚያህል ዕዳ ቢኖር እርሱን ይመስላል። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ሳይሞት ይቆያል። ከሥሩ ያለው ውሃ ብርሃንና አየር ያጣል፤ ታንኳው መንገድ፣ ዓሣ አጥማጁም መረብ መጣያ ያጣል። የጣና ዳር ገበሬዎች በሺዎች ወጥተው እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት አገር ሁሉ አይቷል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ምናልባት ለእንዲህ ያለ አበባ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ «እንቦጭ ተክል ነው፤ ፒራኛ ዓሣ ነው፤ ምን ያገናኛቸዋል?» ትል ይሆናል። መልሱን ከባሮ የራሱ ዓሣ እንማር። ናይል ፐርች የባሮ ነባር ነው፤ በጫሞ፣ በአባያና በቱርካናም ይኖራል። በገዛ ቤቱ ከጎረቤቶቹ ጋር ተመዛዝኖ የሚኖር ታላቅ አዳኝ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ የምሥራቅ አፍሪካ ሹማምንት ዓሣ ይብዛ ብለው ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ወሰዱት። ለሃያ ዓመት ያህል ነገሩ ጸጥ ያለ መሰለ። በ1980ዎቹ ግን ቁጥሩ ፈነዳ፤ በሐይቁ ብቻ ይኖሩ ከነበሩት ትናንሽ የቀለም ዓሦች ሁለት መቶ የሚሆኑ ዝርያዎች ጠፉ ወይም ወደ መጥፋት ተቃረቡ። ኦስትሪያዊው ሁበርት ሳውፐር በ2004 ያወጣው ዘጋቢ ፊልም በታንዛኒያ ምዋንዛ አውሮፕላን ማረፊያ የዕቃ ጫኝ አውሮፕላኖች የዚህን ዓሣ ሥጋ ለአውሮጳ ገበታ ሲያግዙ ያሳያል። ያ ዓሣ ክፉ አልነበረም፤ በባሮ ክፉ ተብሎ አያውቅም። የተሳሳተው ቦታው ነው።

ፒራኛም በቤቱ ፈሪ ነው ብለናል። ይሁንና ፈሪ የሆነው ዶልፊኑና ካይማኑ ስላሉበት ነው። በደቡብ ፍሎሪዳ በአንድ የጎብኚዎች መዝናኛ ኩሬ የገቡ ፒራኛዎች ለዓመታት ተዋልደው ከኖሩ በኋላ በ1977 በመርዝ እንዲጠፉ ተደርጓል። ኩሬ ስለነበረ ተቻለ። ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስና ሌሎችም የአሜሪካ ግዛቶች ፒራኛን በቤት ማኖር የከለከሉት ከዚህ ሥጋት የተነሣ ነው። ባሮን በመርዝ ማጽዳት ግን የሚታሰብ አይደለም፤ ከጋምቤላ እስከ አሌክሳንድርያ የሚጠጣው ሰው ብዙ ነው። የመስተዋት ገንዳ አራት ግድግዳ ያለው ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሁልጊዜ አምስተኛ በር አለው። የመብራት መጥፋት፣ የባለቤቱ መሰላቸት፣ የክረምት ጎርፍ፣ የልጅ ርኅራኄ፤ «ምስኪኑን ወንዝ ውስጥ ልልቀቀው» የምትል ርኅራኄ።

*

የሚያሳዝነው ደግሞ ሩቅ የምንመኘው ደጃችን ላይ መኖሩ ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያና የሩሲያ የጋራ ባዮሎጂ ጉዞ አባላት ባካሄዱት ጥናት የባሮና የአኮቦ ተፋሰስ ከአገሪቱ ሁሉ በዓሣ ዓይነት የበለጸገው መሆኑ ታውቋል፤ ከመቶ የሚበልጡ ዝርያዎች ይኖሩበታል። ከእነርሱ አንዱ ፈረንጆች ነብር ዓሣ የሚሉት፣ በሳይንስ ስሙ ሃይድሮሳይነስ፣ ማለትም «የውሃ ውሻ» የተባለው ነው። አፉን ሲዘጋ ጥርሶቹ ከውጭ የሚታዩት ይህ ብርማ አዳኝ የፒራኛ ዘመድ ነው። ሁለቱ ከአንድ ክፍለ መደብ ናቸው፤ አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲለያዩ ወገኑ በሁለቱም ባሕር ማዶ ቀረ። ጥርሳም ዓሣ ለማየት አማዞን መሄድ አያሻም፤ ባሮ የራሱ አለው።

ሁለተኛው በሳንባ የሚተነፍሰው ዓሣ ነው። ናተረር ከአማዞን ካመጣቸው ነገሮች አንዱ ሳንባ ያለው ዓሣ ነበር፤ በ1837 ለሳይንስ ተመዘገበ። በ1851 ደግሞ እዚያው ቪየና ዮሐን ያኮብ ሄኬል የነጭ ዓባዩን ወገን «ፕሮቶፕቴረስ ኤቲዮፒከስ» ብሎ ሰየመው። የአገራችንን ጥንታዊ ስም የተሸከመው ይህ ዓሣ በጋምቤላም ይገኛል፤ ግን እስከ ሁለት ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ለሳሎን አይሆንም።

ለመስተዋት ቤት የሚሆነው ሦስተኛው ነው፦ ፖሊፕቴረስ። በናፖሊዮን የግብፅ ዘመቻ የተጓዘው ኤትዬን ዦፍሯ ሴንት ኢሌር በዓባይ አግኝቶት በ1802 ለዓለም ያስተዋወቀው፣ ቅርፊቱ እንደ ጋሻ የጠነከረ፣ ጀርባው ላይ ትናንሽ ክንፎች የተሰለፉለት፣ ከጥንት ዘመን የቀረ የሚመስል ዓሣ ነው። በባሮ ከሚኖሩት ወገኖቹ አንዱ፣ ሴኔጋለስ የሚባለው፣ በገንዳ ውስጥ ሲያድግ ቁመቱ ከፒራኛ ብዙም አይበልጥም። ሥጋ በል ነው፤ በሌሊት ያድናል፤ የአውሮጳና የአሜሪካ አፍቃሪዎች ገንዘብ ከፍለው ያኖሩታል። ከሁሉ በላይ ለአገራችን የተስማማበት ምክንያት አለ። ወደ ላይ እየወጣ አየር ስለሚስብ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ፒራኛ ሲታፈን እርሱ ይቆያል። ለባሮ ሙቀትም የተፈጠረ ነው። ገንዳው ሰፊ፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ ውሃው አስቀድሞ የተዘጋጀ ይሁን እንጂ ሌላ ድግስ አይሻም። በባሮ ዳር ቢያመልጥ እንኳ የሚሄደው ወደ ቤቱ ነው። አዋሽ ወይም ጣና ዳር ከሆነ ግን እርሱም እንግዳ ነውና ከገንዳው መውጣት የለበትም፤ ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው።

ጋምቤላ የመርከብ ወደብ በነበረችበት ዘመን እንግዳ የሚቀበላት ወንዙ ነበር፤ ዛሬ የሚቀበላት አውሮፕላን ማረፊያዋ ነው። በመንገደኞች አዳራሹ አንድ ሰፊ የመስተዋት ገንዳ ቢቆም፣ በውስጡም የባሮ ልጆች፣ ጋሻ ለባሹ ፖሊፕቴረስና ሌሎቹ፣ በአማርኛ፣ በአኙዋክኛና በኑዌርኛ ስማቸው ተጽፎ ቢታዩ፣ ከአማዞን የሚመጣ ማንኛውም ጭራቅ ሊወዳደራቸው አይችልም። የገንዳው ጠባቂ ደግሞ የወንዙን ዓሦች በስም የሚያውቅ፣ ውሃውን ከአያቶቹ የተማረ የባሮ ዳር ልጅ ይሁን። ከአውሮፕላኑ የወረደ እንግዳም ሻንጣውን ሳይረከብ የሚረግጠው ምድር ምን እንዳለው ያውቃል፤ ምን ሊያመጣበት እንደማይገባም ያስተውላል።

ፒራኛው በአማዞን ይኑር፤ እዚያ የሚፈራው አለው። እኛም የምንጠብቀው አለን።

ቸር እንሰንብት።